ኅብረ ቃል ምንድን ነው?

መቼ ነው ሠርጋችን ብዬ ብጠይቃት፣
ገና ነው አለችኝ፤ በጉን ገዛሁላት።

ይቺን ታኅሣሥ ላይ የሞነጨርኳት እኔ ነኝ። በመሥሪያ ቤታችን ከምሳ በኋላ ቡና ሲቀርብ በየቀኑ አንድ ሰው ሁለት መስመር ይዞ ይመጣል፤ የቀረነው እንፈታለን። ተራዬ ደርሶ በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ከስኒዎቹ አጠገብ አኖርኳት። አንዱ ባልደረባችን ወረቀቷን አንሥቶ ጮክ ብሎ ሲያነባት ግን «ገና»ን አጠበቀውና ጉዱ ፈላ። ልጅቷ የልደትን በዓል ቀጠሮ ሰጥታ አረፈችው። «ታዲያ ምኑ ላይ ነው ቅኔው? በግ መግዛቱ ደግ አደረገ» አለኝ።

ቅኔው እሱ ባጠበቃት በዚያችው ቃል ላይ ነበር። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ደግሞ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። ምስኪኑ ሙሽራ ያጠብቃል፣ ልጅቷ ታላላለች፣ በጉ በመሀል ይገዛል። ይህችን ሁለት ትርጉም በአንድ ጊዜ የተሸከመች ቃል ነው ኅብረ ቃል የምንላት። ባጭሩ «ኅብር» የሚሉም አሉ።

አማርኛ ትምህርት ክፍል የተቀመጠ ሁሉ ጥያቄውን ያስታውሰዋል፦ «የሚከተለውን ቅኔ ኅብረ ቃል፣ ሰምና ወርቅ ለይታችሁ አውጡ።» ሰም ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ ነው። ወርቅ ውስጥ የተደበቀው፣ ተናጋሪው በእርግጥ ሊል የፈለገው ነው። ስያሜው ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ መጀመሪያ በሰም ይሠራና በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በተወው ባዶ ቦታ ወርቁ ይፈስበታል። ሰሙ ከሌለ ወርቁ ቅርጽ አያገኝም። ለዚህ ነው ሰሙ ደካማ የሆነ ቅኔ ወርቁ የቱንም ያህል ቢያምር የማይጥመው። ሰውየው ሊል የፈለገው ገና ከመጀመሪያው ቃል ያስታውቅበታል።

ከትውልድ ትውልድ በአፍ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ግጥም ልጥቀስ፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ኅብረ ቃሉ «ተሰቀለልሽ» ነው። ሰሙ አዳም ዕፀ በለስን በመብላቱ መድኃኔ ዓለም መሰቀሉን ይነግረናል። ወርቁ ግን ልቡ በአንዲት ሴት ከንፈር ምክንያት ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅኔ አብዛኛውን ጊዜ ወርቁ መንፈሳዊው ነገር ነው፤ እዚህ ቅዱሱ ታሪክ ሰም ሆኖ ያገለግላል፣ ወርቁ ፍቅር ነው። ድፍረቱ ያስቀኛል፤ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ የቅኔ ቤት ደጅ የረገጠ ሰው ይመስለኛል።

የቅኔ ቤትን ነገር ካነሣን አይቀር፣ እኛ ቡና ላይ የምናደርገው ከዚያ የተረፈ ፍርፋሪ ነው። እዚያ ተማሪው በግእዝ ከሁለት መስመሯ ጉባኤ ቃና ይጀምርና እየጠነከረ ሲሄድ ስምንት መስመር ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ ከሰው ገለል ብሎ ሜዳ ወይም ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ያርማል። ለማሕሌት የሚቀርብ ቅኔ ደግሞ ትናንት የተባለ መሆን የለበትም። በየዕለቱ አዲስ ነው፤ ካማረም ሰሚው «ይበል!» ይላል። በ2021 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ዎርድል የሚባለው ጨዋታም እንዲሁ በቀን አንድ ቃል ብቻ ነው የሚሰጠው፤ አምስት ፊደል፣ ስድስት ሙከራ። ልዩነቱ ዎርድልን ብቻህን ትፈታዋለህ፤ ኅብር ግን «ይበል» የሚል ሰው ይፈልጋል።

ወደ ማጥበቅና ማላላት ልመለስ፤ የአማርኛ ኅብር ግማሽ ጉልበቱ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ፊደላችን በተለመደው አጻጻፍ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «አለ» ብለን ስንጽፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል»፣ «ዋና» ስንል ውኃ ውስጥ ይሁን «ዋናው» የሚለው፣ «ይበላል» ስንል በዪው ይሁን የሚበላው፣ ወረቀቱ ዝም ይላል። የሚወስነው አንደበት ነው። ስለዚህ እንደ «ገና» ያሉት ኅብሮች የዓይን ኅብሮች ናቸው፤ ጮክ ተብለው ሲነበቡ አንደኛው ፍቺ ይሞታል። የኔዋም የሞተችው እንደዚያ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ለጆሮም ለዓይንም አንድ ነው፦

ዐሥር ተፈርዶበት ገብቶ ከወህኒ ቤት፣
ተማረና ወጣ በሦስተኛው ዓመት።

«ተማረ» ትምህርት ቀሰመም ምሕረት አገኘም ነው፤ ድምፁ አይለወጥም። ሰሙ ስለ ወህኒ ቤት ትምህርት ቤት ያወራል፣ ወርቁ ስለ ምሕረት። ይህን የሠራው የሕግ ክፍል ባልደረባችን ነው፤ ቀንቼበታለሁ።

ሦስተኛው ቃሉን በመሰንጠቅ የሚገኝ ነው፦

መልክስ ተሰጥቷታል፣ ወርቁም ሞልቶላታል፤
ጎረቤት እንዳየው፣ ልብስ ጎድሎባታል።

ሰሙ የሚለበሰውን ይላል። ወርቁን ለማግኘት «ልብ»ን ከ«ስ» ለያዩት፤ ሴትየዋ የጎደላት ልብ ነው። ቁልፉ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በግላጭ ተቀምጧል፦ «መልክስ»። «መልክስ አለ፣ ልብስ?» ብሎ ላነበበ ወዲያው ይከፈታል። ሠሪው ቁልፉን ራሱ ካላስቀመጠ ፈቺውን በከንቱ ማድከም ነው፤ ይህን ስሕተት እኔም ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ።

ሁለት ትርጉም ያለው ነገር ሁሉ ታዲያ ኅብረ ቃል አይደለም። ውስጠ ወይራ የሚባለው ንግግር አንዲት የተለየች ቃል ሳይዝ ጠቅላላው አነጋገር ሌላ ነገር ያዘለ ነው። አለቃ ገብረ ሐና አህያ የሚነዳ ገበሬ አግኝተው እጅ ነሥተው «እንደምን አደራችሁ?» አሉት የሚባለውም ጨዋታ ኅብሩ ከቃሉ ሳይሆን ከብዙ ቁጥሩ ነው። ሰውየው በአክብሮት የተጠራ መስሎት ደስ ይለዋል፤ ሰላምታው ግን ለእሱና ለአህያው ነበር።

ለመሥራት ለሚፈልግ፦ ቃሏን አስቀድሞ መያዝ ነው። ቤት መምታቱን የሚያስቀድም ሰው ግጥም ይዞ ይቀራል፣ ኅብር ግን አያገኝም። ቃሏ ከተገኘች በኋላ ሁለቱንም ንባብ ለየብቻ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ አንዱ ከተንገዳገደ ይጣል። እኔ ከአምስት አራቱን እጥላለሁ።

ባለፈው ዓርብ ተራው የገንዘብ ያዣችን ነበር። እትዬ ብዙ አይናገሩም፤ ስኒያቸውን አስቀምጠው ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦

አባታችን ሞቶ ዕዳውን ቢተወው፣
ታላቅ ወንድማችን ለሁሉ ከፈለው።

«ደግ ወንድም ነው፣ እግዜር ይስጠው» አልን። እሳቸው ዝም አሉ። ትንሽ ቆይታ ከመካከላችን ትንሿ፣ መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ ሣቋን መቆጣጠር አቃታት። «ውይ እትዬ» አለች፣ «ለእርስዎ ስንት ደረሰዎት?»