ምላስን ማንበብ፦ የቻይና ባህላዊ ሐኪም ምላስ ላይ የሚያየው

ልጅ ሲያተኩሰው እናት ግንባሩን ትዳስስና «እስቲ ምላስህን አሳየኝ» ትላለች። ምላሱ ከነጣ ወይም ከደረቀ ነገሩ ቶሎ ይገባታል። ይህ በየአገሩ ያለ ልማድ ነው። ቻይናውያን ግን ይህንኑ እይታ ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገውታል። ለቀለሙ፣ ለቅርጹ፣ ለእርጥበቱና ለሽፋኑ ለየብቻ ስም አወጡ። ሥዕል ሠሩለት። ከመድኃኒት ቅመማቸው ጋርም አያያዙት። ዛሬም ቻይና ውስጥ ባህላዊ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ምላሱን ሳያሳይ አይመለስም ማለት ይቻላል።

በዚህ ሕክምና በሽታ የሚታወቅባቸው መንገዶች አራት ናቸው። ሐኪሙ ያያል፣ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ ይዳስሳል። ማሽተትም ከማዳመጥ ጋር ይቆጠራል። ከመዳሰስ ዋናው የእጅ አንጓ ላይ የደም ሥር ትርታ ነው። ከማየት ደግሞ ዋናው ምላስ ነው። ትርታውን የሚሰማው ሐኪሙ ብቻ ነው፤ ታካሚው ማመን እንጂ ማመሳከር አይችልም። ምላስን ግን ሁለቱም ያዩታል። ታካሚው ቤቱ ገብቶ በመስታወት ሊያረጋግጥ ይችላል። ይህ ሙያ ከቻይና ወጥቶ በየስልኩ እስከ መታየት የደረሰው በዚህ ይመስለኛል።

አስተያየቱ ደንብ አለው። መጀመሪያ ብርሃን ነው። የቀን ብርሃን ይመረጣል፣ ስለዚህ ታካሚው ወደ መስኮቱ ዞር እንዲል ይደረጋል። በቢጫ አምፖል ሥር ነጭ ሽፋን ቢጫ ሊመስል ይችላል። ቀጥሎ አወጣጡ ነው። ምላስ ዘና ብሎ፣ ጫፉ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይወጣል። ተወጥሮ ከቆየ ደም ይሞላውና ቀለሙ ይጠቁራል። በዚህ የተነሳ ሐኪሙ በጥቂት ሴኮንድ አይቶ «መልሰው» ይላል። ካላጠገበው ታካሚውን አሳርፎ እንደገና ያስወጣዋል። ምላሱን ፍቆ የመጣ ሰው ግማሹን መረጃ ቤቱ ጥሎት መጥቷል። ቡና የጠጣ፣ ቀይ ሥር የበላ፣ ባለቀለም ከረሜላ የመጠጠ ሰውም ያሳስታል። ቻይናውያን ይህን «የተነከረ ሽፋን» ይሉታል። ጫት የቃመ ሰው ምላስ አረንጓዴ ሆኖ ቢመጣ ያው ነው።

ከዚያ በኋላ እይታው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው የምላሱ ሥጋ ነው፣ ሁለተኛው ከላዩ ያለው ሽፋን። ሥጋው ቀስ ብሎ የሚለወጥ ስለሆነ የቆየውን ነገር፣ የደምንና የውስጥ አካላትን ሁኔታ ይናገራል ይባላል። ሽፋኑ ግን በቀናት ውስጥ ይለዋወጣል። ስለዚህ አዲስ የገባን በሽታና የምግብ መፈጨትን ያሳያል ይላሉ። የሽፋኑ የቻይንኛ ስም ደስ ይላል። እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ስም ነው። ከጨጓራ ሙቀት የሚነሳ እንፋሎት ምላስ ላይ ያበቀለው ብለው ያስባሉ። ምንም የሌለበት ምላስ ታዲያ ጥሩ አይደለም። ጤናማው ፈዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ፣ ሥጋው ከሥሩ እስኪታይ ድረስ ስስ ነጭ ሽፋን ያለው ነው።

አንድ ምላስ ጠጋ ብለን እንይ። ወጥቷል፣ ወፈር ያለ ነው፣ አፍ ሞልቷል። ቀለሙ ገርጥቷል። ዳርና ዳሩ ላይ የጥርስ ምልክት ተደርድሯል፣ ጣት ያረፈበት ሊጥ ይመስላል። ላዩ እርጥብ ነው፣ ያብለጨልጫል። ሐኪሙ ይህን ሲያይ «ጣፊያህ ደክማለች» ይላል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በእነሱ ሕክምና ጣፊያ ማለት ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጥ የአሠራር ስም ነው። ሆዴን ይነፋኛል፣ ምግብ ስበላ ይደክመኛል የሚለው ሰው የጣፊያ በሽተኛ ይባላል። ይህን ሰምቶ ጣፊያውን አልትራሳውንድ ሊያስነሳ የሚሮጥ ሰው ምንም አያገኝም። ሁለቱ ሕክምናዎች አንድ ቃል ይዘው ስለተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። ብዙ አለመግባባት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የቀረው ቀለም ባጭሩ እንዲህ ነው። «ሙቀት»፣ «ብርድ»፣ «እርጥበት» የሚሏቸውም እንደ ጣፊያው ሁሉ የሰውነት ሁኔታ ስሞች ናቸው። ቀይ ምላስ ሙቀት ነው። ወይን ጠጅ የመሰለ ደም በደንብ አለመንሸራሸሩን ያመለክታል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ምላስ ወደ ላይ አስነስቶ ከሥሩ ያሉትን ሁለት የደም ሥሮች ያያል፣ አብጠውና ጠቁረው እንደሆነ። ነጭ ሽፋን ብርድ፣ ቢጫ ሽፋን ሙቀት ይባላል። ቅባት የመሰለ፣ ቢፍቁት የማይለቅ ሽፋን «እርጥበት» ነው። ሽፋኑ ጨርሶ ተልጦ የሚያብረቀርቀው ደግሞ «መስታወት ምላስ» ይባላል፤ የሰውነት ፈሳሽ ማለቁን ያሳያል ስለሚባል ይፈሩታል።

ምላስ ላይ ካርታም አለ። ጫፉ የልብ፣ ከጫፉ ከፍ ብሎ የሳንባ፣ መሐሉ የጨጓራና የጣፊያ፣ ጎንና ጎኑ የጉበትና የሐሞት፣ ሥሩ የኩላሊት፣ የፊኛና የአንጀት ነው ይላሉ። ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚዞረው ይህ ካርታ ነው። እኔ ግን የሙያው ደካማ ጎን ይመስለኛል። መጽሐፎቹ ራሳቸው ድንበሩ ላይ አይስማሙም። ጉበትን ከምላስ ጎን ጋር የሚያገናኝ የታወቀ ነርቭም ሆነ የደም ሥር የለም። ከሁሉ ጥንታዊውና ለእኛ ቅርብ የሚመስለኝ የልብ ነገር ነው። «ምላስ የልብ ቡቃያ ነው» ይላሉ። በቻይናውያን ዘንድ ልብ የሐሳብና የማስተዋል ማደሪያ ነው። እኛስ «ልብ በል» የምንለው፣ «ልቡን ሳተ» የምንለው ምን ብለን ነው? በልቡ ያለውን በምላሱ ያወጣዋል ለሚል ሰው ይህ አባባል ትርጉም አያስፈልገውም።

ወደ ታሪኩ እንምጣ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከ2000 ዓመት በፊት ገደማ የተጠናቀረው «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» የተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሐፍ ስለ ምላስ እዚህም እዚያም ያነሳል። በ200 ዓ.ም. ገደማ የነበረው ሐኪም ዣንግ ጆንግጂንግም ስለ ትኩሳት ሲጽፍ የምላስን ሽፋን ጠቅሷል። ምላስ ብቻውን መጽሐፍ የሆነው ግን ከሺህ ዓመት በኋላ ነው። አኦ የሚባል ሰው፣ ሙሉ ስሙ እንኳ ሳይታወቅ የቀረ፣ 12 የምላስ ሥዕሎች ትቶ ነበር። ዱ ቺንግቢ የተባለ ሐኪም 24 ጨምሮ 36 አደረሳቸውና በ1341 መጽሐፍ አወጣ። በመጽሐፉ ስም ውስጥ «የወርቅ መስታወት» የሚል ቃል አለበት። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር ቀለሙ በጽሑፍ ይብራራል፣ በሽታው ይነገራል፣ የሚሰጠው መድኃኒት ይጠቀሳል። በ1668 ደግሞ ዣንግ ዴንግ 120 ሥዕሎች ያሉት መጽሐፍ ጻፈ። እነዚህ መጽሐፎች የተጻፉት በዋናነት ለትኩሳት በሽታ መሆኑን ልብ ይሏል። ምላስ መጀመሪያ የተነበበው ነገ ሊሞት በሚችል ሰው ላይ እንጂ «ድካም ይሰማኛል» በሚል ሰው ላይ አልነበረም።

ይህን ከሁሉ በላይ ያራቀቀው የቻይናዋ የሱጆ ከተማ ሐኪም ዬ ቲያንሺ ነው። ከ1667 እስከ 1746 ኖሯል። ትምህርቱን በጀልባ ሲጓዙ ለተማሪው ነግሮት፣ ተማሪው እንደጻፈው ይወራል። ዬ ወረርሽኝ ወደ ሰውነት የሚገባው በአራት ደረጃ ነው አለ። አንድ ታማሚ እንከተል። ትኩሳቱ ሲጀምረው የምላሱ ጫፍና ዳር ብቻ ይቀላል፣ ሽፋኑ ገና ስስና ነጭ ነው። በሽታው ደጅ ላይ ነው ማለት ነው። ቀናት ያልፉና ሽፋኑ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ሥጋው በሙሉ ይቀላል፤ ሰውየው ውኃ ውኃ ይላል። ቀጥሎ ሽፋኑ እየሳሳ ሥጋው ደም መስሎ ይጠቁራል። ማታ ማታ ይቃዣል። በመጨረሻ ሽፋን የሚባል አይቀርም፣ ምላሱ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ቆዳው ላይ የደም ነጥብ ይወጣል። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚለውጠው በእነዚህ ምልክቶች ነው። ለመጀመሪያው ደረጃ ቀለል ያለ ላብ የሚያወጣ ቅጠል፣ ለመጨረሻው ደም የሚያበርድ ከባድ ቅመም ይሰጣል። አስቡት፤ ቴርሞሜትር የለም፣ የደም ምርመራ የለም። ያ ሰው በየቀኑ ጠዋት ገብቶ የአንድ በሽተኛ ምላስ ትናንት ከነበረው ጋር ያስተያያል። መድኃኒቱ ሠራም አልሠራም፣ ይህን ትዕግሥት ማክበር ይገባል።

ጎረቤቶቹም የራሳቸው አላቸው። በቲቤት ሕክምና ከሽንት ምርመራ ጋር ምላስ ይታያል፤ ቀይ፣ ደረቅና ሻካራ ከሆነ «ነፋስ»፣ ቢጫ ወፍራም ሽፋን ከያዘ «ሐሞት»፣ ገርጥቶ እርጥብ ከሆነ «አክታ» ይባላል፤ ሦስቱ በቲቤት ሕክምና የሰውነትን ጤና የሚወስኑ ኃይሎች ስም ናቸው። አዩርቬዳ የሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምናም ምላስን ከስምንቱ መመርመሪያዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል። ሕንዶች ምላስን በየጠዋቱ በብረት መፋቂያ መፋቅም ያዝዛሉ። ቻይናዊው ሐኪም «አትፋቅብኝ» የሚለውን ማለት ነው።

በዘመናችን ነገሩ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1956 የቻይና መንግሥት በቤጂንግ፣ በሻንጋይ፣ በጓንጆና በቼንግዱ የባህላዊ ሕክምና ኮሌጆች ከፈተ። ከአባት ለልጅ፣ ከመምህር ለደቀ መዝሙር ይተላለፍ የነበረው በአንድ ዓይነት መማሪያ መጽሐፍ ተጠቃለለ። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ የቻይና ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ የባህላዊ ሕክምናው ክፍል ለየደረጃው የምላሱን ሁኔታ ዘርዝሮ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀው የበሽታዎች መዝገብም ለባህላዊ ሕክምና ምዕራፍ ሰጥቷል። ይህ ብዙ ሳይንቲስቶችን አስቆጥቷል። ወደ እኛም መንገዱ ክፍት ነው። ከ1974 ጀምሮ የቻይናው የሄናን ክፍለ ሀገር ሐኪሞችን ወደ ኢትዮጵያ ይልካል። አቃቂ ቃሊቲ ባለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ከቡድኑ ጋር የአኩፓንቸር (በቀጭን መርፌ የማከም) ባለሙያዎች መጥተው ሠርተዋል።

ታዲያ እውነት ነው ወይ? መልሱ እንደ ጥያቄው ነው። ምላስ ስለ ጤና ይናገራል ወይ ከተባለ፣ አዎ፣ ማንኛውም ዘመናዊ ሐኪም ይስማማል። የገረጣ ምላስ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ተልጦ የለሰለሰ ምላስ የብረት፣ የፎሊክ አሲድ ወይም የቢ12 እጥረት ሊሆን ይችላል። እንጆሪ የመሰለ ምላስ በልጆች ላይ ስካርሌት ፊቨርን (ሽፍታ ያለው የባክቴሪያ ትኩሳት) ወይም የካዋሳኪ በሽታን (የደም ሥሮችን የሚያስቆጣ) ያስጠረጥራል። የሰማያዊው ኦክስጅን ማነሱን ይናገራል። ሽፋኑም የሞቱ ሕዋሶች፣ የባክቴሪያና የምግብ ቅሪት ክምችት ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ውኃ አጥቶ፣ ሳያላምጥ፣ በአፉ እየተነፈሰ ሲሰነብት መወፈሩ አያስገርምም። ዬ ቲያንሺ ያየው ነገር በእርግጥ ነበረ ማለት ነው።

«ቅባታማ ሽፋን ስላለህ እርጥበት አለብህ፣ ይህን ሥር ጠጣ» የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። እንዲያውም ጥናቶች ሲደረጉ የሠለጠኑ ባለሙያዎች አንድ ምላስ አይተው የተለያየ ነገር ሲናገሩ ተገኝተዋል። በካሜራና በኮምፒውተር ይህን ለማስተካከል እየተሞከረ ነው። በ2024 የባግዳድና የደቡብ አውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከ5000 በሚበልጡ ምስሎች ያሠለጠኑት ፕሮግራም የምላስን ቀለም በ98 በመቶ ትክክል እንደሚለይ ገልጸዋል። ቀለሙን መለየት ግን በሽታውን ከማወቅ ይለያል። ስልክ ላይ ያለ አፕ ፎቶ አንስቶ «ኩላሊትህ ደክሟል» ቢል ብዙም አትደንግጡ። ኩላሊት በደምና በሽንት ምርመራ ይታወቃል።

መስታወት ፊት የሚቆም ሰው ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው በማያስደነግጥ ነገር ነው። ካርታ የመሰለ፣ ቦታውን የሚቀያይር ቀይ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ስንጥቅጥቅ ያለ ምላስም ብዙ ሰው አብሮት የኖረ ነው። ሌሎች ምልክቶች ግን ቀጠሮ አይሰጡም። ምላስ ድንገት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመና ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ሆስፒታል ነው። ሲጠረግ የሚለቅ አይብ የመሰለ ነጭ ነገር ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ወይም ከ3 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ግን ለሐኪም መታየት አለበት፣ በተለይ ሲጋራ ለሚያጨስና መጠጥ ለሚያዘወትር ሰው። የምላስ ካንሰር በብዛት የሚወጣው ጎኑ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል። ስለዚህ ምላስ ወጥቶ ብቻ አይታይም። ጫፉን በንጹሕ ጨርቅ ያዝ አድርጎ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳብ በማድረግ ጎኑን፣ ወደ ላይ አንስቶ ደግሞ ሥሩን ማየት ነው።