የአዲስ አበባ ዙሪያ ሆቴሎችና የኃይል አጠቃቀማቸው

የከተማው ሰው ለሠርግ፣ ለስብሰባና ለእሑድ መዝናኛ የሚወጣባቸው ሆቴሎችና ሎጆች ብዙዎቹ ያሉት በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ ነው።

መብራቱ ንጹሕ ነው። በአገሪቱ ዋና መስመር ከሚያልፈው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። የአዲስ አበባ ዳርቻ ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ኩራት አለው፤ አባ ሳሙኤል ግድብ። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው ይህ ማመንጫ 6.6 ሜጋዋት ብቻ ነው። ብዙዎች የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ይሉታል፤ የተሠራበትን ዓመት በተመለከተ ግን ጽሑፎቹ አይስማሙም። በደለልና በጥገና ማጣት ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከረመ። በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ጎን ሲቀመጥ ጠብታ ነው። ቢሆንም ሽማግሌ ይከበራል።

በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ማመንጫም የከተማዋን ቆሻሻ አቃጥሎ ኃይል ያወጣል።

ታዲያ ጭሱ ከየት ይመጣል? ከጓሮ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በሰዓት 20 ሊትር የሚጠጣ ጄኔሬተር ለአንድ ሠርግ 3 ሰዓት ቢሠራ 160 ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። ሙሽሮቹ ይህን አያስቡትም፤ እንዲያስቡትም አይጠበቅም።

ደጋ መሆኑ በአንድ በኩል ይጠቅማል፤ ኤሲ የሚያስፈልገው ክፍል ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ግን ሌሊቱ ይበርዳል፤ እንግዳውም ሙቅ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ቦይለሩ ዋና በላተኛ ነው። ጣሪያ ላይ የሶላር ማሞቂያ መትከል ብዙ ያቃልላል። ወጥ ቤቱም የራሱ ጣጣ አለው። 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥጋውም ባቄላውም እሳት ላይ ይቆያል፤ የጋዝ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል።

እንጦጦ ላይ ነገሩ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ገብቶ ተራራውን ሸፈነ። ቅርንጫፉን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚያወርዱት ሴቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ምድጃ አንድደዋል። እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ተራራው መዝናኛም ሆኗል። ምሽት ላይ እንግዳ ለማሞቅ የሚነደው ያው ባሕር ዛፍ ነው። ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ካርቦኑ ይካካሳል የሚሉ አሉ። መልሶ እስኪያድግ ለመጠበቅ ትዕግሥት ካለ ልክ ናቸው።

በዓለም ደረጃ ከቱሪዝም ልቀት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጉዞው ነው። እዚህም እንግዳው የሚመጣው በመኪና ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን በሆቴሎቹ ግቢ የሚቆሙት የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። አሁን እንግዳው ከዋይፋዩ እኩል ቻርጀር አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል።