የካፕሱል ቡና ማሽን ምንድን ነው? ለስጦታስ የትኛው ይሻላል?

የካፕሱል ቡና ማሽን፣ ተፈጭቶና ተመዝኖ አየር እንዳይገባበት በታሸገ ቡና ውስጥ ሙቅ ውሃ በግፊት አሳልፎ አንድ አንድ ስኒ የሚቀዳ የቤት ማሽን ነው። የታሸገበት ትንሽ እቃ ካፕሱል ይባላል። ተጠቃሚው ካፕሱሉን ይከታል፣ ክንዱን (የማሽኑን መዝጊያ እጀታ) ይዘጋል፣ ቁልፉን ይጫናል፤ በቃ። ቀላል የቡና ማሽን በስጦታ መስጠት የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደዚህ የሚያመራውም ለዚህ ነው። መጥፎ ምርጫ አይደለም። ግን ማሽኑ የቀለለው ከባዱ ሥራ ፋብሪካ ውስጥ ስላለቀ መሆኑን መርሳት አይገባም። ማሽኑን የገዛው ሰው፣ ተቀባዩ ከዚያ በኋላ የትኛውን ካፕሱል እየገዛ እንደሚኖርም አብሮ ወስኖለታል።

ከባዱ ሥራ የቱ ነው? ኤስፕሬሶ (በግፊት የሚወጣ ትንሽና ወፍራም ቡና) ለማውጣት 7 ግራም ያህል ቡና ደቅቆ ይፈጫል፣ በመደበኛው የኤስፕሬሶ ማሽን እጀታ ወንፊት ውስጥ እኩል ተጠቅጥቆ ይተኛል፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ በ9 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ያልፍበታል። ፍጭቱ ትንሽ ከሻከረ ውሃው በ10 ሰከንድ ሮጦ ይወጣና ቡናው ቀጥኖ ይኮመጥጣል። ከመጠን በላይ ከደቀቀ ደግሞ ጠብ ጠብ እያለ ይመርራል። ባሪስታ ጠዋት ጠዋት መፍጫውን ሲነካካ የሚታየው ይህን ለማስተካከል ነው። ካፕሱል ውስጥ ያለው ቡና ግን ለዚያ ማሽን ተብሎ የተፈጨና የተመዘነ ስለሆነ፣ ቡና አፍልቶ የማያውቅ ሰውም ቢጫነው የሚያገኘው ያው ነው።

የማሽኑ ውስጥ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ከኋላ ከ0.6 እስከ 1 ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንክ አለ። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ስቦ ወደ ማሞቂያው ይገፋል፤ ማሽኑ ሲሠራ የሚንዘረዘረው ድምፅ የእሱ ነው። ማሞቂያው ታንኩን በሙሉ አያፈላም፤ በብረት ውስጥ በተቀበረ ቀጭን ቱቦ የሚያልፈውን ውሃ ብቻ ያሞቃል። ከተከፈተ በ30 ሰከንድ ገደማ ዝግጁ የሚሆነው ለዚህ ነው። የኔስፕሬሶ (የኔስሌ ኩባንያ የካፕሱል ሥርዓት) ዓይነት ማሽን ላይ ክንዱ ሲወርድ ሦስት ሹል ብረቶች የካፕሱሉን አናት ይበሳሉ። ከታች ያለው ስስ ፎይል ግን ገና አልተነካም። ውሃው ሞልቶ ግፊቱ ሲያይል ፎይሉ ይነፋና በጥቃቅን ጥርሶች በተሞላ ሰሌዳ ላይ ተጭኖ ይቀደዳል፤ ቡናው የሚወርደው በነዚያ ቀዳዳዎች ነው። ያገለገለ ካፕሱል ገልብጦ ማየት ይበቃል፤ ጥርሶቹ ያረፉበት ቦታ በረድፍ በረድፍ ተበስቶ ይገኛል። በአንድ በኩል ብቻ ከተበሳ ካፕሱሉ ተጣሞ ገብቷል ወይም ክንዱ እስከ መጨረሻው አልተዘጋም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ባር አንድ ነገር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «15 ባር» ወይም «19 ባር» ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ ቡናው ውስጥ የሚያልፈው ግፊት አይደለም። ለዚህ ቁጥር ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ከንቱ ነው።

ወደ ካፕሱሉ እንመለስ፤ ምርጫው ያለው እዚያ ነውና። የአንዱ ሥርዓት ካፕሱል ለሌላው ማሽን አይሆንም። ኔስሌ የመጀመሪያውን ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ የሐሳቡ አመንጪ ኤሪክ ፋቭር የሚባል የኩባንያው መሐንዲስ ነበር። ኔስፕሬሶ ግን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ዛሬ ኦሪጅናል የሚባለው ይህ ትንሹ የአሉሚኒየም ካፕሱል ከ5 እስከ 6 ግራም ቡና ይይዛል፤ ኤስፕሬሶው 40 ሚሊ ሊትር፣ በብዙ ውሃ የሚወጣው ሉንጎ 110 ሚሊ ሊትር ነው። ዋና ዋናዎቹ ፓተንቶች እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ጊዜያቸው ስላበቃ ተመሳሳይ ካፕሱል የሚሠሩ ኩባንያዎች በዝተዋል፤ ተቀባዩ ከአንድ ሻጭ ጋር አልተቆራኘም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣው የኔስፕሬሶ ሁለተኛ ሥርዓት ቨርቱዎ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ካፕሱሉን በከፍተኛ ፍጥነት እያሽከረከረ ነው ቡናውን የሚያወጣው፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ባርኮድ አንብቦም የውሃውን መጠን ራሱ ይወስናል። ትልቅ ኩባያ ለሚወድ ሰው ይመቻል፤ ሌላ ኩባንያ የሠራለት ካፕሱል ግን ጥቂት ነው። ዶልቼ ጉስቶ የሚባለው ሌላ ሥርዓት የወተት መጠጥ ላይ ያተኩራል፣ ወተቱ ግን በካፕሱል የታሸገ ዱቄት ስለሆነ ለአንድ ካፑቺኖ ብዙውን ጊዜ ሁለት ካፕሱል ይጠፋል። ኪዩሪግ የሚባለው ሥርዓት ፕላስቲክ ካፕሱል ውስጡ ማጣሪያ ወረቀት አለው፤ የሚያወጣው ቀጠን ያለ፣ በዛ ያለ የተጣራ ቡና እንጂ ኤስፕሬሶ አይደለም፤ ወፍራም ቡና ለለመደ ሰው ሰጥቶ ማሳዘን አያስፈልግም።

ብዙም የማይነሳ ሌላ ዓይነትም አለ፦ ኢ.ኤስ.ኢ. የሚባለው 44 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የወረቀት ከረጢት። 7 ግራም ያህል ቡና ይይዛል፣ ማንም ኩባንያ ሊሠራው የሚችል የጋራ መለኪያ ነው፣ ሲጣልም ብረትም ፕላስቲክም የለበትም። ማሽኖቹ ጥቂት መሆናቸው ነው ችግሩ።

የትኛውን መስጠት እንዳለበት ያልቆረጠ ሰው፣ የተቀባዩ ስኒ ትንሽ ከሆነ፣ ኦሪጅናሉን ቢወስድ ይሻላል እንላለን። ከዚያ በፊት ግን ካፕሱሉ ተቀባዩ በሚኖርበት ቦታ እንደ ልብ መገኘቱን ማጣራት ይቀድማል። ካልተገኘ ማሽኑ በሁለተኛው ወር አቧራ ለብሶ ይቀመጣል።

ወጪውንም ቁጭ ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። በአንድ ካፕሱል 5.5 ግራም ብንይዝ፣ 1 ኪሎ ቡና ወደ 180 ካፕሱል ይሆናል። የአንዱን ካፕሱል ዋጋ በ180 ማባዛት የኪሎውን ዋጋ ያሳያል፤ ውጤቱ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ሁለት ሰዎች በቀን ሁለት ሁለት ስኒ ቢጠጡ በወር 120 ካፕሱል ይጨርሳሉ። ስጦታ ሰጪው ማሽኑን አንዴ ይገዛል፣ ይህን ሒሳብ በየወሩ የሚከፍለው ግን ተቀባዩ ነው። ቤቱ ሰው የሚበዛበት ከሆነ እንዲያውም ካፕሱሉን ትቶ ወረቀት ማጣሪያ ያለውን የጠብታ ማሽን መስጠት ይሻላል፦ ለ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም የተፈጨ ቡና፣ አንድ ቁልፍ፣ ለስድስት ሰው በአንድ ጊዜ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ከነአተላው መጣል ነው።

ፍሬውን ራሱ ፈጭቶ ራሱ የሚያፈላው ሙሉ አውቶማቲክ ማሽንስ? ሲጫኑት እንደ ካፕሱሉ ቀላል ነው። ችግሩ ከስኒው በኋላ ነው የሚመጣው፦ የአተላ ሳጥኑ ይደፋል፣ የማፍያው ክፍል ወጥቶ በሳምንት አንዴ ይታጠባል፣ የወተት ቱቦው በየቀኑ ይጸዳል። ማሽን የመንከባከብ ልማድ ለሌለው ሰው ይህ ስጦታ ሳይሆን ሥራ ነው። ለካፕሱል ማሽንም ቢሆን ወተት ለሚወድ ሰው፣ ማሽኑ ላይ የተገጠመ የወተት ቱቦ ካለው ይልቅ ለብቻው የሚቆም የአረፋ ማውጫ ይመረጣል። ቱቦ ውስጥ የቀረ ወተት በአንድ ቀን ይኮመጥጣል፣ ሲደርቅም ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ለብቻው ያለው ግን በውሃ ለቅለቅ ይደረጋል።

ለአረጋዊ ወይም ጣቶቹ ለሚያሙት ሰው ከተሰጠ ክንዱን ሱቅ ውስጥ ከፍቶ ዘግቶ መሞከር ያስፈልጋል። በእጅ የሚዘጋው አንዳንዱ ሞዴል፣ ካፕሱሉን የሚበሳው በእጅ ጉልበት ስለሆነ፣ ጠንከር ይላል። የማይዘጋ መስሏቸው ተዉት የሚባለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ያልተበላሸ ነው። ታንኩ ከኋላ መሆኑ ደግሞ ግድግዳ ጥግ ለተቀመጠ ማሽን ጣጣ ነው፤ ውሃ በተሞላ ቁጥር ማሽኑ ይጎተታል። ቁመቱም የሚለካው ክንዱ ተነስቶ ነው፤ ዘግተው የለኩት ማሽን ከላይ ካለው ቁም ሣጥን ሥር ገብቶ አልከፈት ሊል ይችላል።

ከሌላ አገር ተገዝቶ የሚመጣ ከሆነ ሥሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበብ። ለ120 ቮልት የተሠራ ማሽን 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል፤ የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚቀይረው ትንሽ መሰኪያ ቮልቱን አይቀንስም። ከ1200 እስከ 1500 ዋት ስለሚስብም ከሌላ ማሞቂያ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ባይሰካ ጥሩ ነው።

ስጦታው የሚመሰገነው ወይም የሚታማው ግን በመጀመሪያው ቀን ነው። አዲስ ማሽን ፓምፑ ውስጥ አየር አለ። ታንኩ ሞልቶ ቁልፉ ሲጫን ድምፁ በጣም ይጮኻል፣ ውሃ ግን አይወርድም። «ተበላሽቶ ነው የመጣው» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ታንኩን አንስቶ ጠበቅ አድርጎ መመለስ፣ ከዚያ ያለ ካፕሱል የትልቁን ስኒ ቁልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ መጫን ነው፤ ውሃው መጀመሪያ እየተቆራረጠ፣ በኋላ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ይህ ውሃ አይጠጣም፣ ቱቦው የታጠበበት ነው። ሌላው ተደጋጋሚ ቅሬታ «ቡናው አይሞቅም» ነው። 40 ሚሊ ሊትር ቡና ቀዝቃዛና ወፍራም ስኒ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱን ስኒው ይወስደዋል። ካፕሱሉ ከመግባቱ በፊት አንዴ ሙቅ ውሃ ስኒው ላይ ማስወረድ ማሞቂያውንም ስኒውንም ያሞቃል። ውሃው ወደ ስኒው ሳይሆን ወደ ካፕሱል መጣያው የሚፈስ ከሆነ ደግሞ አንዴ የተጠቀሙበት ካፕሱል ዳግም ገብቷል፣ ወይም ርካሽ ካፕሱል ከንፈሩ ሳይገጥም ቀርቷል። በዚህ ማሽን ላይ ሌላ ካፕሱል ተሞክሮ ካልፈሰሰ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመጣው ሌላው ነገር ነጭ ቅርፊት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያው ካልሲየም። ቀጭኑን ቱቦ እየደፈነ ቡናው ቀስ እያለ፣ እየቀዘቀዘ ይወርዳል። ማሽኑ ራሱ በመብራት ያስታውሳል፤ ካላስታወሰም በየሦስት ወሩ ወይም በየ300 ስኒው ማጠብ በቂ ነው። አምራቹ የሚሸጠው ማጠቢያ በታንኩ ውሃ ተበጥብጦ እንደ መመሪያው ይዞራል፣ ከዚያ ሁለት ታንክ ንጹሕ ውሃ ይከተለዋል። ኮምጣጤ ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ አንመክረውም፦ የመዝጊያ ጎማዎቹን ይጎዳል፣ ሽታውም ለብዙ ስኒ አይለቅም።

ስለዚህ ካርቶኑ ሲጠቀለል ከማሽኑ ጋር 50 ካፕሱል፣ ከሁለት ሦስት ዓይነት ተደባልቆ፣ ቢጨመር ለአንድ ጠጪ በቀን ሁለት ስኒ ሒሳብ 25 ቀን ያደርሰዋል፤ በዚያ ጊዜ የትኛውን እንደሚወድ ያውቃል። አንድ ጠርሙስ ማጠቢያ ይጨመር። ደረሰኙና የዋስትና ወረቀቱ በፖስታ ታሽገው ይሰጡ፣ ዋስትናው ያለ ደረሰኝ አይሠራምና። ተቀባዩ ሲጓዝ ታንኩን ደፍቶ፣ የካፕሱል መጣያውን ባዶ አድርጎ እንዲሄድም ይነገረው፤ እርጥብ አተላ ተዘግቶበት ሁለት ሳምንት ከቆየ ሻጋታ ነው የሚቀበለው።