ጥሪው ሎኽ ኦው ድረስ ሩቅ ነው

ሰሞኑን አንድ የተተረጎመ ጽሑፍ ሳነብ «ይህ ከእውነታው የሩቅ ጩኸት ነው» የሚል ገጠመኝ። በጣም ከፋኝ። «far cry» የሚለው የእንግሊዝኛ አባባል ቃል በቃል ተገልብጦ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ዛሬ «በጣም ይለያል» ለማለት ብቻ ነው የሚጠቀሙበት። የስኮትላንዶች ሙሉ አባባል ግን «ጥሪው ሎኽ ኦው ድረስ ሩቅ ነው» ይላል። አገር አለው፤ ባለቤትም አለው።

ሎኽ ኦው በምዕራብ ስኮትላንድ፣ አርጋይል ውስጥ ያለ 41 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሐይቅ ነው። የካምቤል ጎሳ የጥንት ግንብ፣ ኢኒስ ኮኔል፣ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ደሴት ላይ ነው፤ አሁን ፈርሷል።

ታሪኩ የሚነሳው ግን ከሰሜኑ የካውደር ግንብ ነው። ጌታው ሞቶ ሙሪየል የምትባል ጨቅላ ወራሽ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1499 የካምቤሎች አለቃ የሆነው የአርጋይሉ መስፍን ሰዎች ልኮ ሕፃኗን አስወሰዳት። አጎቶቿ ተከትለው ደረሱባቸው። የተላኩት ካምቤሎች መሪ፣ የኢንቨርሊቨሩ ጌታ፣ ጭንቅ ሲይዘው ይህን ቃል ተናገረ ይባላል። ካውደርና ሎኽ ኦው በቀጥታ መስመር እንኳ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ማን ሰምቶ ይድረስለት? ትልቅ ድስት ደፍቶ ወንዶች ልጆቹን ዙሪያውን አቆመ። አሳዳጆቹ ሕፃኗ ከድስቱ ሥር ያለች መስሏቸው እዚያ ሲዋጉ፣ ሌሎቹ ካምቤሎች እሷን ይዘው አመለጡ። በ1510 የመስፍኑን ልጅ ጆንን አገባች። ካውደርም የካምቤሎች ሆነ።

አባባሉን የካምቤሎች ፉከራ የሚያደርጉት አሉ፤ «ጠላት አገራችን አይዘልቅም» ለማለት። እኔ ግን ከዚያም በፊት የእረኛ ቃል ነበር ባይ ነኝ። የደጋው ሰዎች በሞቃቱ ወራት ከብቶቻቸውን ይዘው ተራራ ላይ ይሰፍሩ ነበር። ከሸለቆ ሸለቆ በድምፅ ሳይገናኙ አይቀሩም። ርቀትን በጩኸት ቢለኩት ምን ይገርማል?

በልጅነቴ አያቴ ከገደሉ አፋፍ ቆማ ስትጣራ አይቻለሁ። እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ የስሙን መጨረሻ ትስበዋለች። ከዚያ ዝም። መጀመሪያ የሚመልሰው የገደል ማሚቶ ነው። ቆይቶ ከማዶ «አቤት!» ይመጣል። ኡኡታ ከሆነማ የሰማ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይደርሳል። «ጥሪው ሩቅ ነው» ማለት እንግዲህ ብትጮህም የሚደርስልህ የለም ማለት ነው።

ለልዩነትማ «የሰማይና የምድር ያህል» የሚል የራሳችን አለን። እሱን ትቶ «የሩቅ ጩኸት» ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት ስንፍና ነው? ያ ሰው ልጆቹን ድስት ዙሪያ ያቆመው ወገኖቹ እንደማይሰሙት አውቆ ነው።