«ጉዳይ ሲኖረኝ እሄዳለሁ»፦ እግዚአብሔርን ስለ መፈለግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቢሮዬ ፒያሳ ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ አንዲት የጀበና ቡና አለች። ወሩ 23 ሲሆን ጠዋት በርጩማ አይገኝባትም፤ ነጭ ነጠላ የለበሰው ሁሉ ተሳልሞ ሲወጣ እዚያ ነው አረፍ የሚለው። ባለፈው ወር አብሮኝ ከሚሠራ ልጅ ጋር ተሻምተን ቦታ ያዝን። «አንተ ግን አትሳለምም?» አልኩት። «አሁን እኮ ሁሉም ሰላም ነው። ጉዳይ ሲኖረኝ እሄዳለሁ። ደህና ሆኜ ምን አስቸገርኩት?» አለኝ።

ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን እኔም ለዓመታት እንደዚሁ ስኖር ነበር፤ እሱ አፍ አውጥቶ ተናገረው እንጂ። እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ከሰማኋቸው እንዲህ ያሉ አባባሎች ጥቂቶቹን ላንሳ።

«ደህና ስሆን አላስቸግረውም»

ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ግን እግዚአብሔርን እንደ እሳት አደጋ መኪና ማየት ነው፤ ጭስ ካልታየ ማንም አይደውልለትም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8ን ያነበበ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። ሕዝቡ 40 ዓመት በረሃ ለበረሃ ተንከራትቷል። ማስጠንቀቂያው የመጣው ግን ስለ ረሃቡ አይደለም። በልተህ ስትጠግብ፣ መልካም ቤት ሠርተህ ስትቀመጥ፣ ከብትህ ሲበዛ አምላክህን እንዳትረሳ ነው የሚለው። አደጋው ያለው ጥጋብ ውስጥ ነው።

ከፊታችን ያለው ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ይናገራል። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ነው፤ በጊዮርጊስ ዕለት። ታቦቱ ከሠራዊቱ ጋር ዘምቷል። ያ የጭንቁ ጊዜ ነው፤ በጭንቅ ታቦት ይዞ የማይወጣ የለም። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ድሉ ከተገኘ በኋላ «በቃ፣ አለቀ» አልተባለም። ምኒልክ ለመታሰቢያ ይህን ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ።

ደግሞ እኛ «እንዴት ነህ?» ስንባል መልሳችን «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በቀን ሃያ ጊዜ እንለዋለን። ከሃያው አንዱን አስበንበት ብንለው እንኳ ቀላል አልነበረም።

«በጭንቅ ጊዜ ብቻ ብቅ ማለት ያሳፍራል፤ አይሰማኝም»

ይሄ ደግሞ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚይዘው ያንኑ ሰው ነው። እናቴ ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ አመሻሽ ላይ ጊዮርጊስ በር ድረስ ሄጄ ቆምኩ። ለወራት ዝር ብዬ አላውቅም። በምን ፊቴ? አጥሩን ተደግፌ ስልኬን የምነካካ መሰልኩ። በሩ አጠገብ ጧፍ የሚሸጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ በሩ እኮ ክፍት ነው። ማንን ትጠብቃለህ?» አሉኝ። ገባሁ።

ዮናስ ዓሣ ሆድ ውስጥ ሆኖ የጸለየው ከእግዚአብሔር ሲሸሽ የተያዘ ሰው ሆኖ ነው፤ ተሰማለት። ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ የቀረው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ከዳኑት 10 ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው 1 ሳምራዊ ነው። «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ተብሎ ተጠይቋል፤ ለምጻቸው ተመለሰባቸው የሚል ግን አልተጻፈም።

«መከራ የደረሰበት አንድ ነገር ሠርቶ ነው»

ከሁሉም ይሄን እጠላዋለሁ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮው እየዞረ፣ በሹክሹክታ ነው የሚባለው። የኢዮብ ጓደኞች ሲመጡ 7 ቀንና 7 ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ቆንጆ ለቅሶ ደራሾች ነበሩ፤ አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ። «ሳትበድል አይቀርም» ማለት ሲጀምሩ ተበላሸ። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው።

ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉ ክርስቶስ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሏል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎችም ከሌላው የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። ያ ለምስጋና የተሠራው አራዳ ጊዮርጊስስ? በወረራው ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም፣ ፋሺስቶች እሳት ለቀውበታል። ቤተ ክርስቲያኑ ምን በድሎ ነው?

ከዚሁ ጋር የሚሄደው «ለበጎ ነው፤ አታልቅሺ» የሚለው ነው። በቅንነት ነው የሚባለው፣ አውቃለሁ። ግን ዳዊት የሚደገምበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ማለቱ ይገርመኛል። መዝሙረ ዳዊት «እስከ መቼ?» በሚል ጩኸት የተሞላ ነው። ጌታም መስቀል ላይ «ለምን ተውኸኝ?» ያለው ከዚያው ከመዝሙር ቃል ነው። እንባ ያለበት ጸሎትም ጸሎት ነው።

«ስለት ከገባሁ ማግኘቴ አይቀርም»

«ኮንዶሚኒየም ከወጣልኝ ጥላ አስገባለሁ» ያለ ሰው ስንት ነው! ስለት ባልከፋ። ቀብድ የከፈልን ሲመስለን ነው ችግሩ። ሐና ልጅ እንዲሰጣት ተሳለች፤ ሳሙኤልን ስታገኝ ቃሏን ጠበቀች። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ይሄ ነው፦ ከቤተ መቅደስ ወጥታ እህል የቀመሰችው፣ ፊቷም የበራው ገና ሳትፀንስ ነው። ልጁ ሳይመጣ።

«ሐኪም ቤት የሚሄድ እምነቱ የላላ ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ንጉሥ አሳን ነው። እግሩን በጽኑ ታሞ ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም ተብሎ በሁለተኛ ዜና መዋዕል 16 ተጽፏል። ወደ ኋላ ሄዶ ምዕራፍ 14ን ማንበብ ነው። አሳ በሰላሙ ዘመን እግዚአብሔርን የሚፈልግ ሰው ነበር። ኢትዮጵያዊው ዝሪ ትልቅ ጦር ይዞ ሲመጣበት ወዲያው ጮኸ፤ አሸነፈም። ዓመታት አለፉ፤ ሰውዬው ተደላደለ። ሌላ ጠላት ሲመጣበት ከቤተ መቅደሱ ብርና ወርቅ አውጥቶ የሶርያን ንጉሥ እርዳታ ገዛ። የገሠጸውን ነቢይ አሰረው። በነገሠ በ39ኛው ዓመት ሲታመም እንኳ አልተመለሰም። የተነቀፈው ሐኪም ስለጠራ አይደለም፤ ሌላውን በር ጨርሶ ስለረሳው ነው። መጽሐፈ ሲራክ 38 ሐኪምን አክብረው፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል።

አሳን ለዚያ ልጅ ነገርኩት። «ይኸው፣ ጉዳይ ነበረው፤ አልሄደም» አልኩት። ዝም ብሎ ስኒውን አዟዟረ። «መንገዱ ጠፍቶበት ነዋ» አለ በመጨረሻ።

«ቤተ ክርስቲያን ካልሄድኩ ጸሎት አይደለም»

ዳንኤል በባዕድ አገር፣ ቤተ መቅደሱ ፈርሶ ሳለ፣ ቤቱ ውስጥ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን 3 ጊዜ ይጸልይ ነበር። ጸሎት የሚከለክለው አዋጅ ሲወጣም ያደረገው ያንኑ ነው፤ ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረው ይላል መጽሐፉ።

ቡና የምታፈላልን እትዬ ዶሮ ማነቂያ ነበር ቤቷ። ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ዳር ደረሳት፤ አሁን በሁለት ታክሲ ነው የምትመጣው። «እዚያው ሰፈርሽ ደብር የለም እንዴ?» አልኳት።

«አለ እንጂ። አዘቦት እዚያ እሳለማለሁ፤ ሌሊት ደግሞ ቤቴ እጸልያለሁ።»

«23ትስ?»

«ልጆቼን ክርስትና ያስነሳሁት እዚህ ነው። ቤቱ የፈረሰ ዕለትም ጠዋት እዚህ ነበርኩ።» ረከቦቱን ወደኛ ገፋ አደረገችው። «ጤና አዳም ይግባበት?»