«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው»፦ ምን ማለት ነው? በማጭዱ ፈንታስ ምን እንስጠው?

አባባሉ የአዝመራ ማሳ ሽታ አለው። ጤፉ ሲደርስ ገበሬው በማጭድ ያጭዳል፤ ማጭድ ያነሰው ከጎረቤት ይዋሳል፣ ጉልበት ያነሰው ደቦ ይጠራል። ማጭድ መዋዋስ የጉርብትና ወግ ነው፤ «ለምን ፈለግኸው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አባባሉ ግን አንድ ሰው ነጥሎ ያወጣል፦ ሆድ የባሰውን። እሱ እጅ ሲገባ ያ ቆልማማ ስለት የእህል ማጨጃነቱ ይቀራል፤ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ ሊያነሳው ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። «ሆድ ባሰኝ» የምንለው ስንቆጣ አይደለም፤ ለቁጣማ «ተናደድኩ» አለን። ሆድ የሚብሰን እንባ ሲተናነቀን፣ የቆየ ሐዘን ሲነካብን ነው። አባባሉን የተናገሩ ሰዎች ስለቱን ያራቁት ከሚፎክር ሰው ሳይሆን ሊያለቅስ ከደረሰ ሰው ነው። ሰሚ ያጣ እንባ ወደ ምን እንደሚለወጥ አይተዋል ማለት ነው።

በአማርኛ ስሜት የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። የማይነገረውን «ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤ እንባው ቅርብ የሆነ ሆደ ቡቡ ነው፤ ምስጢረኞች ሆድ ለሆድ ይጫወታሉ። ታጋሹ ደግሞ ሆደ ሰፊ። ይህን ቃል ከአባባሉ ጎን ሳስቀምጠው የባሰው ሆድ የሚፈልገው የሌላ ሰው ሰፊ ሆድ እንደሆነ ይታየኛል።

አብዛኛውን ጊዜ አባባሉን የምንጠቀመው የተከፋን ሰው ለመሸሽ ነው፤ «ተወው፣ ሆድ ብሶታል»። ይህ ግማሽ ትርጉም ይመስለኛል። ማጭድ አታውሰው አለ እንጂ ብቻውን ተወው አላለም።

መጽሐፈ ኢዮብ ላይ ሦስቱ ወዳጆች ኢዮብን ሊያጽናኑ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ በርትቶ ስላዩት አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም። ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ ተቀምጦ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ የሚወጣ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ወዳጆቹ ነገሩን ያበላሹት አፋቸውን ከፍተው መከራውን ከበደሉ ጋር ሊያገናኙ ሲጀምሩ ነው። የሣራ አገልጋይ አጋርም ከእመቤቷ ሸሽታ በምድረ በዳ ሳለች ልጇን እስማኤል እንድትለው ተነግሯታል፤ ስሙ «እግዚአብሔር ይሰማል» ማለት ነው፣ ሰማ ከሚለው ከእኛው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። በተሰደደች እናት ልጅ ስም ውስጥ መስማት የፈጣሪ ሥራ ሆኖ ተጽፏል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ከደም የሚያስታርቁት አባጋሮች የእምነት ሰዎች መሆናቸውም ለእኔ ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በስምምነት ቆመ። ሌላ ቦታ ሌላ ግጭት ቀጠለ። የባሰ ሆድ ግን በየቤቱ አለ፤ ማጭዱም ብረት ብቻ አይደለም። እኔ በቃል አውሻለሁ።

ልጃቸው በዚያ ጦርነት የሞተባቸው አንዲት እናት ጎረቤቴ ነበሩ። የእሳቸው ወገንና የእኔ ወገን በተለያየ ጎን ነበር። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ልጃቸውን አንስተው ድምፃቸው ሲቆራረጥ እኔ «የእኛስ ልጆች?» አልኳቸው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ፤ እንባቸው ደረቀ፣ ያልነበረ ቁጣ መጣ። ያን ቁጣ በእጃቸው ያስጨበጥኳቸው እኔ ነኝ። የእኔ ወገን ሙታን እውነት ናቸው፤ የዚያን ሰዓት ግን ለቅሶው የእሳቸው ነበር።

ብዙ ሳምንት ቆይቼ ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸውና «እማማ፣ እስቲ ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ረከቦቱን አቀረቡ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፣ እኔ አንድም «ግን» አላልኩም። በረካው ሲቀዳ ገና ስለ ሞቱ አልጀመሩም ነበር። ልጃቸው ሰባት ዓመቱ ላይ ጫማውን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ ባዶ እግሩን ከትምህርት ቤት የመጣበትን ቀን ነበር የሚያወሩኝ።