ኪሳራ ምንድን ነው? ሮቨርን የገደለውስ የትኛው ኪሳራ ነው?

ባለፈው ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሬዲዮ ላይ አንድ ተንታኝ ስለ እንግሊዙ የመኪና ፋብሪካ ስለ ሮቨር ሲያወራ ሰማሁ። «ፋብሪካው ለዓመታት ኪሳራ ውስጥ ስለነበር ከሰረ። ከመክሰሩ የተነሳ በ10 ፓውንድ ተሸጠ» አለ። ከሾፌሩ ጋር ልጣላ ምንም አልቀረኝም። እሱ ምን በደለ? ሬዲዮ ነው የከፈተው።

ቅደም ተከተሉ ራሱ ተገልብጧል። ሮቨር በ10 ፓውንድ የተሸጠው በ2000 ነው፣ የወደቀው በ2005። (ዓመቶቹም ወሮቹም እንደ ፈረንጆች ናቸው፣ ሌላ ከሆነ እናገራለሁ።) ግን ሰውየውን ብቻ አልወቅስም፣ ቋንቋችንም አሳስቶታል። እኛ «ኪሳራ» በአንድ ቃል የምንጠራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዓመቱ ሲዘጋ ወጪ ከገቢ በልጦ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው ዕዳው የሚከፈልበት ቀን ደርሶ የሚከፈል ገንዘብ መጥፋቱ ነው። የመጀመሪያውን ኦዲተር ይነግርሃል። ሁለተኛውን የሚነግርህ ዕቃ አቅራቢህ ነው፣ ያውም በር ላይ ቆሞ።

ሁለቱ አብረው መምጣት የለባቸውም። የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያለው ደንበኛ ነበረኝ። መዝገቡን ገልጠህ ብታይ አትራፊ ነው። ግን የሸጠው ሁሉ በዱቤ ነበር። ደመወዝ ቀን ሲደርስ ስልኩን አጥፍቶ ማዶ ቡና ቤት ይቀመጣል። ከመስኮቱ የወርክሾፑን በር ያያል፣ ሠራተኞቹም እሱን ያያሉ። ይኼ ሰው በወረቀት አትራፊ፣ በተግባር ግን ከስሯል።

ሮቨር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር። በመጀመሪያው ዓይነት ኪሳራ ውስጥ ዓመታት ኖሯል። ለምን ኖረ? የአዲስ አበባ ሰው የሚገባው ምሳሌ ልስጥ። ግቢህ ውስጥ ሮቶ አለ እንበል። ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ቀጠን ብሎ። ቤተሰቡ በቀን የሚጨርሰው ውሃ ከሚገባው ይበልጣል። ያ ልዩነት የመጀመሪያው ኪሳራ ነው። በዚህ ምክንያት ግን ዛሬ ማንም አይጠማም፣ ሮቶው ውስጥ ውሃ አለ። የሚጠማህ ሮቶው የደረቀ ቀን ነው። ስለዚህ «ምን ያህል ከሰረ?» ብቻ ብለህ አትጠይቅ። «ሮቶው ስንት ቀን ያቆያል?» በል።

አሁን ወደ 10 ፓውንዱ። ቢኤምደብሊው ሮቨርን በ1994 ከብሪቲሽ ኤሮስፔስ በ800 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ስድስት ዓመት ውሃ ቀዳበት፣ በ2000 ሰለቸው። ላንድሮቨርን ፎርድ ወሰደው። ሚኒን ለራሱ አስቀረ። የቀረውን፣ ማለትም በርሚንግሃም ያለውን የሎንግብሪጅ ፋብሪካና የሮቨርና የኤምጂ መኪኖችን ሥራ፣ ፊኒክስ ለሚባለው የአራት ነጋዴዎች ቡድን በ10 ፓውንድ ሰጠ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «10 ፓውንድ ብቻ!» ብሎ ይስቃል። 10 ፓውንዱ ግን የሕንጻውና የማሽኑ ዋጋ አይደለም። የአክሲዮኑ ዋጋ ነው። አክሲዮኑን የያዘ ሰው ከፋብሪካው ጋር የሺዎችን ደመወዝ፣ የአቅራቢዎችን ሒሳብ፣ የተሸጡ መኪኖችን ዋስትናና የየቀኑን ጉድለት አብሮ ይረከባል። ለዚህ ነው ሻጩ ከ10 ፓውንዱ ጋር 427 ሚሊዮን ፓውንድ ወለድ የማይታሰብበት ብድር ጨምሮ የሰጠው። ቤቱን አስረክቦ ሲወጣ ሮቶውን ሞልቶልህ የሄደ አከራይ በለው።

ውሃው ሲጎድል አዲሶቹ ባለቤቶች ምን አደረጉ? ዕቃ መሸጥ ጀመሩ። የመለዋወጫ ንግዱ ለካተርፒላር ተሸጠ። የፋብሪካው መሬት ተሸጦ መልሰው ተከራዩት። በ2004 የሮቨር 25ና የ75 ሞዴሎችን ዲዛይን፣ ከሞተሩ ጋር፣ ለሻንጋዩ የመኪና ኩባንያ ለሳይክ በ67 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጡ። ቧንቧውን ነቅለህ ሸጠህ በገንዘቡ ውሃ በጀሪካን እንደ መግዛት ነው። (ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፣ የሙያ አመል ነው። እንዲህ ያለ የአንድ ጊዜ ሽያጭ ትርፍ ካስገኘ የዓመቱን ኪሳራ ያሳንሰዋል። «ኪሳራችን ቀነሰ» የሚል ሪፖርት ስታይ የተሸጠው መኪና ነው ወይስ መሬት፣ ያንን ፈልግ።)

ዋናው ቧንቧ ደግሞ አዲስ መኪና ነበር። እሱ አልመጣም። 25ና 45 የዘጠናዎቹ አጋማሽ መኪኖች ነበሩ፣ ፊታቸው ታጥቦ የቀረበ። 75 የ1998 ነው። በ2003 «ሲቲሮቨር» ብለው ያመጡት የሕንዱ ታታ ሠርቶ የላከላቸው ትንሽ መኪና ነው። ፎርድና ፔዦ አዲስ ሞዴል እያወጡ፣ ሎንግብሪጅ የድሮውን መኪና ወጪ ይቀንስ ነበር።

የመጨረሻው ተስፋ ሳይክ ነበር። ሽርክና ይገባል ተብሎ ወራት ተጠበቀ። በ2005 መጋቢት ማለቂያና ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ቻይኖቹ ማፈግፈጋቸው ሲሰማ፣ ጎረቤት ጀሪካን ማበደር አቆመ። አቅራቢዎች ዕቃ ያዙ። ሚያዝያ 7 መስመሩ ቆመ። ልብ በሉ፣ ያቆመው ፍርድ ቤት አይደለም፣ ባንክም አይደለም። የሚገጠም ዕቃ ጠፍቶ ነው። ያላለቁ መኪኖች መስመሩ ላይ እንዳሉ ቀሩ። በማግስቱ ሚያዝያ 8 ፕራይስዋተርሃውስኩፐርስ የተባለው የሒሳብ ባለሙያዎች ድርጅት ፋብሪካውን ተረከበ። መንግሥት ለአንድ ሳምንት ደመወዝ የሚሆን 6.5 ሚሊዮን ፓውንድ አበደረ። ሚያዝያ 15 ወደ 5,000 ሠራተኛ ተሰናበተ። በድምሩ ወደ 6,000 ሰው ሥራ አጣ።

እዚህ ጋ ሌላ ስህተት አለ። ሚያዝያ 8 የሆነው በእንግሊዝ ሕግ «አድሚኒስትሬሽን» ይባላል። ቀብር አይደለም። የተሾመው ባለሙያ መጀመሪያ የሚታዘዘው ድርጅቱን ማዳን ይቻል እንደሆን እንዲያይ ነው። ካልተቻለ ለገንዘብ ጠያቂዎች የተሻለውን ይፈልጋል። የእኛም ሕግ ቢሆን ነገሩን ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. (ይኼ በእኛው ነው) በወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴን ከሰረ ያሰኝ የነበረው ክፍያ ማቋረጡ ነው እንጂ መዝገቡ ላይ ያለው ቀይ ቁጥር አይደለም። የ2013ቱ አዲስ ሕግ (ይኼም በእኛው ነው) ደግሞ ከመክሰር በፊት መልሶ የማደራጀት መንገድ ጨምሯል። ሬዲዮ ላይ ግን ሁሉም «ኪሳራ» ነው።

«ባለቤቶቹ በልተውት ነው» የሚለውም አለ። አራቱ ሰዎችና ሥራ አስፈጻሚያቸው በደመወዝና በጡረታ ወደ 42 ሚሊዮን ፓውንድ መውሰዳቸውን በ2009 የወጣው የመንግሥት ምርመራ አሳይቷል። አራቱም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ከዳይሬክተርነት ታግደዋል። ነውር ነው፣ ለመከላከል አልሞክርም። ግን 42ን ከ427 ጋር አስቀምጡና እዩት። ያ ሁሉ ገንዘብ ሳይወሰድ ቢቀር እንኳ አዲስ መኪና አይሠራም። የሮቶውን ውሃ የሰረቀ ቢኖርም ቧንቧው መድረቁ አልቀረም።

አንድ ነገር ግን እኔንም ሁሌ ያስገርመኛል። በሐምሌ 2005 ናንጂንግ አውቶሞቢል የተባለ የቻይና ኩባንያ የፋብሪካውን ቀሪ ንብረት በ53 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። በሕይወት ሳለ 10 ፓውንድ፣ ከሞተ በኋላ 53 ሚሊዮን። ተንታኙ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? ምክንያቱ ቀላል ነው። የሞተው ደመወዝ አይጠይቅም። ናንጂንግ የገዛው ማሽንና የኤምጂን ስም ነው፣ ሰውና ዕዳ አልተረከበም። ማሽኑን ፈታትቶ ወደ ቻይና ጫነው። ትንሽ ቆይቶ ናንጂንግ ራሱ በሳይክ ተጠቀለለ። ዛሬ ኤምጂ የሚል አዲስ መኪና ስታዩ የቻይና ነው።

ይህን ሁሉ ለሾፌሩ ነገርኩት፣ ምስኪን። ሳሪስ እስክንደርስ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ ሒሳቡን እየተቀበለ «ጋሼ፣ ላንድሮቨር ግን አሁን የማን ነው?» አለኝ።

«የሕንዶቹ» አልኩት። «ታታ በ2008 ከፎርድ ገዛው። ሮቨር የሚለውም ስም እዚያው አብሮ አለ።»

«ስሙ ብቻ?»

«ስሙ ብቻ።»